ሽንኩርታችን ለምን ኮረት ሳይዝ ቀረ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ 20 ደቂቃ ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈው ርእስ «የአካባቢ ሁኔታ በዕፅዋት ዕድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። ርእሱን ያወጣው ጸሐፊያችን ነው፤ ለእኔ አዝኖ ነው እንዲህ አድርጎ ያከበረው። እውነተኛው ርእስ ግን ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ባለፈው ዓመት ለወገኖቻችን የላክነው የሽንኩርት ዘር ለምን ኮረት ሳይዝ ቀረ? ዘሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መልሱን መስጠት ያለብኝም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጓሮዬ ነው። ከቤቴ ጀርባ ትንሽ መሬት አለችኝ። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ እተክልባታለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከዘር ካታሎግ ያዘዝኩት ቢጫ ሽንኩርት ተአምር ሆነ። አንዱን ራስ በአንድ እጅ ጨብጦ መያዝ አይቻልም ነበር። ያንን ሽንኩርት በፌስታል ይዤ ባለፈው ዓመት እዚሁ ስብሰባ ላይ መጣሁ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታስታውሳላችሁ። «ይሄ ለአገራችን ገበሬ ቢደርስ!» ተባለ፤ ተጨበጨበ፤ በዚያው ከሰዓት በኋላ ገንዘቡ ተዋጣ። ማንም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ዕፅዋት ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከ30 ዓመት በፊት ይህችው ጉዳይ ፈተና ላይ መጥታልኝ መልሻታለሁ። ማርክም አግኝቼባታለሁ።

6 ኪሎ ዘር ገዛን። በሕጋዊ መንገድ፣ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ተሠርቶለት ገባ። አገር ቤት ለአንድ ሄክታር 4 ኪሎ ያህል ዘር ስለሚበቃ፣ 6 ኪሎው ለአንድ ሄክታር ተኩል ሆነ፤ ለ6 አባወራና እማወራ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ። ጥቅምት ላይ መደብ ላይ ተዘራ፤ በቅሎም ደስ አለን። በኅዳር መጨረሻ ችግኙ ወደ ማሳ ተዛወረ። ፎቶው በቴሌግራም ቡድናችን ሲለቀቅ ስንቱ ነው አበባና ጭብጨባ የላከው! ማሳው እንደ ምንጣፍ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ጥግጥግ ያለ፣ የሚያምር።

በየካቲት አጋማሽ ስልክ ተደወለልኝ። ከ6ቱ አንዷ፣ ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ እማማ ናቸው። «ልጄ፣ ሽንኩርቱ እንደ ሣር ረዘመ እንጂ ከሥር ምንም የለውም። አንገቱም እግሩም አንድ ነው። እስከ መቼ ነው የምናጠጣው?» አሉኝ።

አሁን የምናገረው ነገር ያሳፍረኛል፤ ግን ልናገረው። መጀመሪያ ያሰብኩት ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብዬ ነው። «እማማ፣ ዩሪያ አብዝታችሁ ይሆናል» አልኳቸው። በርግጥ ዩሪያ ሲበዛ ሽንኩርት ቅጠል ያበዛል፣ ኮረቱም ይዘገያል፤ ስለዚህ መልሴ የእውቀት ይመስል ነበር። ሁለት ሳምንት ተጨማሪ አጠጡ፣ አልኩ። ለሞተሩ ነዳጅ ተገዝቶ ሁለት ሳምንት ተጠጣ። ከዚያም ሌላ ሁለት ሳምንት። በቡድናችን ውስጥ ደግሞ አንዱ ዘሩ አሮጌ ነው አለ፣ ሌላው መሬቱ ጨው ወጥቶበታል አለ፣ ሦስተኛው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሥራውን አልሠራም ብሎ ረጅም ጽሑፍ ለቀቀ። ባለሙያው ያንን ጽሑፍ አንብቦታል። እሱንም በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ዘሩ ሲደርሰው «ይህ ዝርያ በእኛ አካባቢ ተሞክሯል ወይ?» ብሎ የጠየቀው ብቸኛ ሰው እሱ ነበር። የመለስንለት «አሜሪካ ውስጥ ተሞክሯል» ብለን ነው።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ነው ነገሩ የገባኝ። የመኪናው ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ይላል፣ ውጭው ግን ገና ብርሃን ነው። መጋቢት ነበር፤ ቀኑ መርዘም ጀምሯል። አገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቆጥረው ለምንድን ነው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን? ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በመካከሉ 12 ሰዓት ቀን፣ ከዚያ 12 ሰዓት ሌሊት። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚሠራው ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ብቻ ነው። የእኛ ወረዳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ረጅሙ፣ ሰኔ ላይ ያለው፣ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። አጭሩ ደግሞ፣ ታኅሣሥ ላይ ያለው፣ 11 ሰዓት ተኩል ነው። በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብቻ። እዚህ ሜሪላንድ ረጅሙ ቀን ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፤ አጭሩ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ እራት በልተን ስንወጣ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኖም ፀሐይ ትኖራለች። ከስቶክሆልም የመጣችሁ ደግሞ ከ18 ሰዓት በላይ የሆነ ቀን ታያላችሁ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ረመዷን በሰኔ ሲውል ስዊድን ያለ ሰው የሚጾመውንና እናቱ አገር ቤት የምትጾመውን ሰዓት አነጻጽሩት።

ሽንኩርትም ይህን ሰዓት ይቆጥራል።

ሽንኩርት ኮረት የሚቋጥረው ስላደገ፣ ወይም ስለጠገበ አይደለም። ቅጠሉ የቀኑን ርዝመት ይለካል። ቀኑ ለዝርያው ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ተክሉ አዲስ ቅጠል ማብቀሉን ያቆምና፣ የሠራውን ስኳር ወደ ቅጠሎቹ ግርጌ ያወርደዋል። ያ ግርጌ ያብጣል። ሽንኩርት ስትቆርጡ የምታዩት ቀለበት ሁሉ የቅጠል ግርጌ ነው። በመጨረሻ አንገቱ ይላላል፣ ቅጠሉ ይወድቃል፤ ገበሬው «ደርሷል» የሚለውም ያኔ ነው። ልኩ ግን እንደ ዝርያው ይለያያል። አጭር ቀን የሚባሉት ዝርያዎች ከ11 እስከ 12 ሰዓት ቀን ይበቃቸዋል። መካከለኞቹ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይፈልጋሉ። ረጅም ቀን የሚባሉት፣ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ የሚበቅሉት፣ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካላገኙ ኮረት አይዙም። የእኔ ቢጫ ሽንኩርት ከእነዚህ አንዱ ነበር። ካታሎጉ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ከፎቶው ሥር።

ስለዚህ እማማ ማሳቸውን እስከ ሰኔ ቢያጠጡ፣ እስከ ሚቀጥለው ሰኔም ቢያጠጡ፣ የሚጠብቁት ቀን በእኛ አገር የሚመጣ ቀን አልነበረም። ያውም በመስኖ የሚለማው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ከዓመቱ አጭሮቹ ቀኖች ናቸው። ዩሪያውም፣ ውኃውም፣ ባለሙያውም ጥፋት የለባቸውም።

ይህን ነገር ለዓለም ያስረዳው ጥናት የተካሄደው እዚሁ አጠገባችን መሆኑ ይገርመኛል። በአርሊንግተን፣ ዛሬ ፔንታጎን ካለበት ብዙም ሳይርቅ፣ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የሙከራ እርሻ ነበረው። ጋርነርና አላርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ሜሪላንድ ማሞዝ» የተባለ ትንባሆ ያስቸግራቸው ነበር። በሰመር ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፣ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባ ግን አያወጣም፤ አበባ ከሌለ ዘር የለም። ውርጭ መጥቶ ይገድለዋል። ያንኑ ተክል ክረምት ላይ መስታወት ቤት ሲያስገቡት ገና አጭር ሳለ ያብባል። ሙቀቱ ይሆን? አፈሩ ይሆን? አንድ በአንድ ሞከሩ። በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 በሐምሌ ወር፣ ተክሉን በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጨለማ ጎጆ ውስጥ እያስገቡ በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ያወጡት ጀመር። በሰመር መካከል የክረምት ቀን ሠሩለት ማለት ነው። ትንባሆው አበበ። ውጤቱን በ1920 አሳተሙ። አስቡት፤ ማዳበሪያ አልጨመሩ፣ መድኃኒት አልረጩ፤ የጎጆ በር መክፈትና መዝጋት ብቻ።

እኛ ተራው ሰው ብርሃን ለተክል ምግብ ነው ብለን ነው የምናስበው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ብርሃን ምግብም ነው፣ ሰዓትም ነው። የአገራችን ፀሐይ ለሽንኩርቱ ምግቡን አትረፍርፋ ሰጠችው፤ ለዚህ ነው ማሳው ያን ያህል ያማረው። ሰዓቱን ግን ልትነግረው አልቻለችም።

በተቃራኒው መንገድ የሄደ ሰብል ደግሞ አለ፤ ይህን የማነሣው የእኛን ገበሬ እውቀት ስለሚያሳይ ነው። ማሽላ። ቆላችን ውስጥ ቆይቶ የሚደርሰውን ረጅሙን ማሽላ ታስታውሳላችሁ፤ ልጅ ሆነን ውስጡ ስንደበቅ ሰው የማያገኘንን። እንዲህ ያለው ማሽላ የሽንኩርቱ ተቃራኒ ነው፤ አበባ የሚያወጣው ቀኑ ሲያጥር ነው። ቶሎ ዝናብ ዘንቦ በሚያዝያ ቢዘራም፣ ዘግይቶ በግንቦት ቢዘራም፣ ዛላ የሚያወጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ተቀራራቢ ጊዜ ላይ ነው። እኛ አገር ቀኑ የሚያጥረው በደቂቃዎች ነው፤ ማሽላው ግን ያችን ደቂቃ ያውቃታል። ገበሬዎቻችን ሰዓት ሳይዙ፣ ዝናብ ባረፈ ጊዜ የሚደርሰውን ዘር በስንት ትውልድ መርጠው አቆይተውታል። እንዲህ ያሉ ማሽላዎች ቴክሳስ ሲዘሩ ታዲያ ሰመሩን ሁሉ ቁመት ብቻ ሆነው፣ ሊያብቡ ሲሉ ብርድ ይመጣባቸዋል። አሜሪካኖቹ ምን አደረጉ? ዘሩን ለገበሬ አላከፋፈሉም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሰፊ ሥራ ዘርግተው፣ ቀኑ አጭር በሆነበት በፖርቶ ሪኮ እያዳቀሉ፣ በቴክሳስ ረጅም ቀን ላይ እየመረጡ፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ የብዙ አገር ማሽላ ወደሚሆናቸው ዓይነት ለወጡት። ዓመታት ፈጀባቸው። እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሰን ነው የላክነው።

ቀኑ ብቻውን አይደለም እንግዲህ። ሙቀትና ቅዝቃዜም የየራሳቸው ትእዛዝ አላቸው። ሽንኩርት ራሱ አካሉ ከጠና በኋላ ብርድ ሲመታው አበባ ያወጣል፤ ለዘር አምራች ደስታ ነው፣ ለሽያጭ ግን ኪሳራ። ወረዳችን ደግሞ ከጣርማ በር ቁልቁል እስከ ቆላው ድረስ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ደጋ ወደ 1,300 ሜትር ሲወረድ፣ በየ100 ሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ከምናምን እየጨመረ፣ ላይኛውና ታችኛው ቀበሌ ከ10 ዲግሪ በላይ ይለያያሉ። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ለተክል ግን ሁለት አገር ነው። «ለወረዳችን የሚሆን ዘር» የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የትኛው ቀበሌ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ከዱባይ የመጣች እህታችን ትናንት ማታ በረንዳዋ ላይ ያለው ቲማቲም ያብባል እንጂ አያፈራም አለችኝ። ያ ሙቀት ነው፤ ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲሰነብት የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ውኃ ብትጨምሪ አይጠቅመውም፤ በጥቅምት ትከይው።

አሁን ወደ ዛሬው አጀንዳ ልግባ። ከጀርመን አባሎቻችን የቀረበ ሐሳብ አለ፤ ለደጋው ቀበሌዎች የአፕል ችግኝ እንላክ የሚል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ደጋውም ተረስቷል። ነገር ግን አፕል እንቅልፍ የሚፈልግ ዛፍ ነው። አውሮፓ የሚበቅሉት አብዛኞቹ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ 1,000 ሰዓት ገደማ ካላገኙ፣ በሚቀጥለው ወቅት እምቡጣቸው በሥርዓት አይከፈትም። እኛ ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ግን ይሞቃል፤ እንቅልፉ ሳይሞላለት ይነቃል። ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች አሉ፤ አና እና ዶርሴት ጎልደን ከነሱ ናቸው። ደግሞም አገራችን ውስጥ፣ ጋሞ ደጋ ጨንቻ ላይ፣ አፕል ተክለው የሚሸጡ፣ ችግኝም የሚያዳቅሉ ገበሬዎች አሉ። ቅጠሉን በእጃቸው እየመለመሉ ዛፉን እስከ ማንቃት ድረስ የሚያውቁ ናቸው። ከጀርመን ችግኝ ከማስጫን ለሁለት ወጣቶቻችን የጨንቻ የአውቶቡስ ቲኬትና አበል ብንከፍል ይሻላል ባይ ነኝ። የዋጋውን ልዩነት ሒሳብ ሹሙ ያውቀዋል።

ሁለተኛው አጀንዳ የትምህርት ቤቱ የችግኝ ጣቢያ ነው። እሱም ላይ አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ክረምት ከጣቢያው ወጥቶ በተራራው ላይ የተተከለው ችግኝ አብዛኛው ደረቀ፤ ተማሪዎቹ አልተንከባከቡትም ተባለ። ፎቶዎቹን መልሼ አየኋቸው። ችግኞቹ ጥቅጥቅ ብለው፣ በጥላ መረብ ሥር ቀጥነውና ረዝመው ነበር። ብቅል ሲዘጋጅ አይታችኋል፤ ገብሱ በቅጠል ተሸፍኖ ጨለማ ውስጥ ሲበቅል ነጭና ቀጫጫ ሆኖ ነው የሚወጣው። ብርሃን ፍለጋ መሮጡ ነው። ችግኝም ሲጠጋጋ እንዲሁ ያደርጋል፤ ሙሉ ጨለማ ባይሆንም። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ይውጠውና ከቀዩ ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን እምብዛም የማያየውን፣ ያሳልፋል። ከሥር ያለው ችግኝ ይህ ብርሃን ሲበዛበት «ጎረቤት ጋርዶኛል» ብሎ ግንዱን ያስረዝማል፤ ውፍረትና ሥር ይቀርበታል።

ይህም የተገኘው እዚሁ ቅርባችን ነው። ቤልትስቪል የሚባለውን የእርሻ ምርምር ጣቢያ በአጠገቡ የማያልፍ ኡበር ነጂ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1952 ቦርትዊክና ሄንድሪክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሰላጣ ዘር ላይ ቀይ ብርሃን አበሩ፤ በቀለ። ወዲያው ከቀይ ወዲያ ያለውን አበሩበት፤ ሳይበቅል ቀረ። እያፈራረቁ ቢያበሩበትም ዘሩ የሚታዘዘው የመጨረሻውን ነው። በ1959 ተክሉ ውስጥ ያለውን፣ ይህን የሚያይ ቀለም አገኙት፤ ፋይቶክሮም ይባላል። ዓይን ነው ብትሉት ብዙ አልተሳሳታችሁም።

ለጣቢያው የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ከረጢቶቹን ማራራቅ፤ ተከላው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው መረቡን መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ለግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን ማንሣት፤ ውኃውንም ቀስ በቀስ መቀነስ። ጥላ ውስጥ የተሠራ ቅጠል ስስ ነው፤ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይቃጠላል። ልጆቹ ውኃ ተሸክመው ያን ተራራ ወጥተዋል። አልተንከባከቡም መባሉ አግባብ አይደለም።

ወደ ሽንኩርቱ ልመለስና ልጨርስ፤ ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው።

ለሚቀጥለው መስኖ ምን እናድርግ? ዘር ከዚህ አንላክ። አዳማ ቀይ፣ ቦምቤ ቀይ የሚባሉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ገበያ ላይ የምናያቸው ቀያይ ሽንኩርቶች ናቸው። ቀናችን ይበቃቸዋል። አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በአትክልት ላይ የሚሠራ ነው፤ ምክርም ከዚያ ይገኛል። ራሳቸው ትልቅ አይደሉም፤ ከእኔ ቢጫ ሽንኩርት ጎን ቢቀመጡ ልጁ ይመስላሉ። ግን ወጥ የሚሠራው በነሱ ነው፣ ሳይበላሹም ይቆያሉ። አንድ ሰው በስብሰባው እረፍት ላይ «ጆርጂያ የሚበቅለው ጣፋጩ ሽንኩርትስ? እሱ አጭር ቀን ነው አይደል?» ብሎኛል። ልክ ነው፤ በመከር ተተክሎ በጸደይ የሚደርስ አጭር ቀን ሽንኩርት ነው፣ በእኛ ቀን ኮረት ይይዝ ይሆናል። ለበሽታው፣ ለማከማቻው፣ ለገበያው ይሆናል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሞክሩ የሚል ካለ ማኅበሩ መሬት ተከራይቶ፣ በራሱ ኪሳራ፣ ከጥማድ ሩብ ባልበለጠ ቦታ ይሞክር። በሰው ጓሮ ላይ አይሞከርም።

የመጨረሻው የ6ቱ ቤተሰቦች ጉዳይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። ስጦታ አይካስም የሚሉ አባላት አሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ዘሩን በነጻ ነው የሰጠናቸው፣ እውነት ነው። መሬቱን፣ ነዳጁን፣ ማዳበሪያውንና የአራት ወር ጉልበታቸውን ግን እኛ አልሰጠናቸውም፤ የራሳቸው ነበር። ያንን ጥማድ በለመዱት ዘር ቢዘሩት ኖሮ እንደ ወትሮው ሽንኩርታቸውን በመጋቢት ይሸጡ ነበር። ያገኙት ቅጠሉን ለአረንጓዴ ሽንኩርት በእስር በእስር መሸጥ ነው፤ እሱንም ገበያው አንድ ሳምንት ብቻ ነው የገዛቸው። ሁለቱ ለማዳበሪያው ብድር ነበረባቸው፤ አንደኛው በግ ሸጦ ከፍሏል። የቀበሌው ባለሙያ የእያንዳንዳቸውን የነዳጅና የማዳበሪያ ወጪ ጽፎ ልኮልናል፤ ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ጀርባ ላይ አለ። ስድብ ጽፈንበት ሳለ ነው ይህን የሠራልን። የእኔ ሐሳብ፣ ወጪው እንዲመለስላቸው፣ ከዚያም በላይ ለሚቀጥለው መስኖ የአንድ ጥማድ ዘር ተገዝቶ እንዲሰጣቸው ነው። ከወጪው ሲሶውን እኔ እሸፍናለሁ፤ ይህን የምለው ለመመስገን አይደለም፣ ዘሩን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

እማማ ከማሳቸው ጠርዝ አንድ መስመር ሳይነቅሉ ትተው ነበር። «እስቲ የልጄ ሽንኩርት ምን እንደሚጠብቅ ልየው» ብለው። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጃቸው ፎቶውን ላከልኝ። ሰኔ ነው፤ የዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። አንገቱ ጥቂት ወፈር ብሏል፤ ኮረት የሚባል ነገር የለም። ከፎቶው ሥር እማማ ያስጻፉት መልእክት አለ፦ የችግኝ መደብ የሚዘጋጀው በመስከረም መጨረሻ ነው፣ ዘር የምትልኩ ከሆነ ከዚያ በፊት ቁርጡን ንገሩን፣ ካልሆነ ማሾ እዘራበታለሁ።

ጥያቄ ካላችሁ ሰብሳቢው ከፈቀዱ ልቀበል።